ስለሚደገም መጽሐፍ

መጻሕፍት ሁሉ ለመነበብ ተጽፈዋል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ መንገድ አይነበቡም። ታሪከ ነገሥት የሆነውን ነገር ለማወቅ፣ ፍትሐ ነገሥት ፍርዱን ለመለየት፣ ባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ለመቀመር ይነበባል፤ አንባቢውም የሚሻውን ካገኘ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ሣጥኑ ይመልሰዋል። ከእነዚህ የተለየ ሌላ ወገን መጽሐፍ ደግሞ አለ፤ ይኸውም ሰው የሚያውቀውን ነገር እንደ ገና ለመስማት የሚከፍተው፣ ፍጻሜውን እያወቀ ከመጀመሪያው የሚጀምረው፣ ኀዘን ሲያገኘው ወይም ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ እጁን የሚዘረጋበት መጽሐፍ ነው። በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ይህን ሥራ በየቤቱ ሲሠራ የኖረው ዳዊት ነው።

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። ወንጌል ይነበባል፤ ድጓ ይዜማል፤ ዳዊት ግን ይደገማል። አንድ ሽማግሌ ማለዳ ተነሥተው መጽሐፋቸውን ቢከፍቱ የቤት ሰዎች «አባባ ዳዊት እየደገሙ ነው» ይላሉ እንጂ «እያነበቡ ነው» አይሉም። ትናንት እንደ ደገሙት፣ ነገም እንደሚደግሙት በዚያ በአንድ ቃል ታውቋልና። ሕፃን የንባብ ትምህርቱን ሲጨርስም «ዳዊት ደገመ» ይባላል። መድገም በግእዝም በአማርኛም በአንዱ ላይ ሁለተኛ መጨመር ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ይህን መጽሐፍ አንድ ጊዜ ብቻ ማንበብን እንደ ንባብ አልቈጠሩትም ማለት ነው። መጽናናቱም ከዚህ ከመደገሙ የሚመጣ እንደ ሆነ ታሪኩን ተከትለን እንመልከት።

ዳዊት በቤት ለተቀመጠ ሰው እንዴት መጽናኛ እንደሚሆን ካስረዱት የጥንት አባቶች አንዱ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ328 እስከ 373 የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። መርቄሊኖስ የሚባል ወዳጁ ታሞ ሳለ በሕመሙ ወራት መጻሕፍትን፣ ይልቁንም መዝሙራትን ይመለከት እንደ ነበረ ከመልእክተኛው ሰምቶ ረጅም ደብዳቤ ጻፈለት። በዚያ ደብዳቤ ከአንድ ሽማግሌ ሰማሁት ብሎ የሚያስተላልፈው ትምህርት ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ሌሎቹ መጻሕፍት ሌሎች ሰዎች ያደረጉትንና የተናገሩትን ያሰሙናል፤ መዝሙር ግን የሚያነበውን ሰው የራሱን ነገር ያናግረዋል፤ የነፍሱንም መናወጥ እንደ መስተዋት ያሳየዋል። ከዚህም በኋላ ለተሰደደ፣ ወዳጅ ለከዳው፣ ከመከራ ለዳነ፣ ንስሐ ለሚሻ ሰው የትኛው መዝሙር እንደሚገባው አንድ በአንድ ይቈጥራል። ይህን የጻፈው ሰው በሰላም ተቀምጦ የኖረ አይደለም፤ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዶ በጠቅላላው 17 ዓመት ያህል በስደት ኖሯል። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እርሱ ራሱ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱን ከሩቅ እንደ መጣ እንግዳ ነገር ልናየው አይገባም።

መጽሐፉ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ነው። ስለዚህም የመዝሙሩ ቍጥር የሰብዓ ሊቃናትን ትርጓሜ ተከትሎ ይሄዳል፤ በዕብራይስጡ 88ኛ የሆነው በእኛ 87ኛ ነው፤ በ150ው ላይም ዳዊት ጎልያድን ስለ ማሸነፉ የሚናገር 151ኛ መዝሙር ተጨምሯል። ደግሞም በእኛ ዘንድ «ዳዊት» ሲባል መዝሙራቱ ብቻ ማለት አይደለም። ከመዝሙራቱ ቀጥሎ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለው ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃንም በአንድ ጥራዝ ይጠረዛሉ። አንድ ዳዊት ያለው ቤት ታናሽ ቤተ መጻሕፍት አለው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አሠራሩንም ብንመረምር ሁሉ ነገር ለመደገም የተዘጋጀ ሆኖ እናገኘዋለን። ብራና ፋቂው የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ ወጥሮ ከፋቀና ካደረቀ በኋላ ጸሐፊው በወስፌ ያሰምረዋል፤ በመቃ ብርዕ፣ ከጥላሸት በተሠራ ጥቍር ቀለምና በቀይ ቀለም ይጽፈዋል። ሌሎች መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ተከፍለው ሲጻፉ፣ መዝሙሩ በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱ ስንኝ ለብቻው በአንድ መስመር ይጻፋል። ስንኙ ረዝሞ ከመስመሩ ያለፈ እንደ ሆነ፣ የተረፈው ቃል የራሱን መስመር እንዳይዝ ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች በጠባቡ ይገባል። ይህ አጻጻፍ ብራና ያስፈጃል፤ ነገር ግን ዓይን ሳይደናገር፣ ትንፋሽም ከመስመሩ ጋራ እኩል እንዲያርፍ ያደርጋል።

በየዐሥሩ መዝሙር መጨረሻ በቀይና በጥቍር ነጥብ ወይም በሐረግ ምልክት ይደረጋል፤ ዐሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላልና 150ው 15 ንጉሥ ይሆናል። በዕለት ሲከፈልም እንደ ልማዱ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ ለእሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይቀራሉ። ይህን ሥርዓት የጠበቀ ሰው መጽሐፉን በዓመት ከ50 ጊዜ በላይ ይፈጽመዋል።

ይህ አከፋፈል ለሥርዓት ብቻ የተደረገ የሚመስለው ሰው ቢኖር 87ኛውን መዝሙር ይመልከት። ከኀዘን መዝሙሮች የሚበዙት በልቅሶ ጀምረው በተስፋ ወይም በምስጋና ይፈጽማሉ፤ ይህ አንዱ ግን በልቅሶ ጀምሮ በልቅሶ ያልቃል፤ መጨረሻው ወዳጅ ዘመድ ርቆ ብቻ መቅረት ነው። አባቶች ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ አላወጡትም፤ መጨረሻውንም አላለዘቡትም። ኀዘንተኛ ሰው በሐሙስ ቀን ከዚህ ሲደርስ፣ ኀዘኑን የሚያስተባብል ወይም ቶሎ ተጽናና ብሎ የሚያስቸኵል ቃል አያገኝም፤ እርሱ የሚለውን የሚል ጓደኛ ያገኛል እንጂ። ነገር ግን የሐሙስ ድርሻው በዚያ አያበቃም፤ ወደ 88ኛው ይሻገራል፤ እስከ 110 ይሄዳል፤ የቅዳሜው ድርሻም በምስጋና መዝሙሮች ይዘጋል። በሚመጣው ሐሙስ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ መዝሙሩ ያው ነው፤ ሰውየው ግን ከኀዘኑ ቀን ሰባት ቀን ርቋል። በሌላው ሐሙስ ደግሞ ዐሥራ አራት ቀን ይርቃል። አንድ ጊዜ ተነብቦ የሚቀመጥ መጽሐፍ ይህን መንገድ ከሰው ጋራ ሊሄድ አይችልም። መጽናናት በአንድ ስንኝ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ መድኀኒት ቢሆን ኖሮ ያን ስንኝ ቈርጦ መያዝ በበቃ ነበር፤ ነገር ግን የሚገኘው በመሄድና በመመለስ ነው።

መጽሐፉ ከሰው ጋራ የሚተዋወቀውም ገና በልጅነት ነበረ። በየኔታ ፊት የተቀመጠ ሕፃን ፊደልን ከለየ፣ አቡጊዳን ከጨረሰ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌሉን ካነበበ በኋላ ዳዊት ይጀምራል፤ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተመላለሰ ያነበንበዋል። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል በሚሉት በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ስም የተከፈለው 118ኛው መዝሙር 176 ቍጥር ያለው ስለ ሆነ፣ ከዚያ ሲደርስ ጕሮሮው የማይደርቅ ሕፃን የለም። ትርጓሜውን ገና አያውቅም፤ ድምፁ ግን በጆሮው ይቀራል። ዳዊት የደገመ ዕለትም ወላጆቹ ይደግሳሉ፤ የኔታንም ያከብራሉ።

በቅኔ ቤት ሰሙ አስቀድሞ ይታያል፤ ወርቁ ግን ተፈልጎ ይወጣል። የዳዊትም ነገር እንዲሁ ነው። በልጅነት የተያዘው ድምፅ ሰሙ ነው፤ ወርቁን የሚያወጣው ኑሮ ነው። ልጁን የቀበረ አባት፣ ከርስቱ የተነቀለ ገበሬ፣ በሕመም አልጋ ላይ የሚገላበጥ ሰው፣ በሰባት ዓመቱ ያለ ማስተዋል የጮኸውን ስንኝ በስድሳ ዓመቱ ሲያገኘው መጽሐፉ ዛሬ ስለ እርሱ የተጻፈ ይመስለዋል። መጽሐፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው። የሚደገም መጽሐፍ ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው፤ ሰው ምን ያህል እንደ ተጓዘ የሚለካበት ያልተንቀሳቀሰ ድንጋይ ይሆንለታል።

በቤትም ውስጥ ዳዊት የራሱ ቦታ ነበረው። በእንጨት ገበታ ተጠርዞ፣ በቆዳ ተለብጦ፣ በማኅደሩ ገብቶ በማንገቻው ከግድግዳ ይሰቀላል፤ ጌታው መንገድ ሲሄድ ወይም ሲዘምት በትከሻው ያነግተዋል። በፊትና በኋላ ባለው ባዶ ብራና ላይ የባለቤቱ ስም፣ የልጆች ልደት፣ የሙታን ዕረፍት፣ የመሬት ሽያጭና ውል ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉን የሚሰርቀውንና ስሙን የሚፍቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃልም ብዙ ጊዜ ይከተላል። ሆኖም በብዙ ዳዊቶች ላይ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም ተተክቶ ይታያል፤ መጽሐፉ በውርስ ወይም በሽያጭ ወይም በዝርፊያ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ያ የተፋቀ ቦታ ይመሰክራል። ሰው ሲሞትም ካህናትና ደባትር ተሰብስበው መዝሙሩን ተካፍለው ይደግሙለታል። እንግዲህ ሰው ፊደል የለየበት፣ ስሙ የተጻፈበት መጽሐፍ በመጨረሻው ቀን በአስከሬኑ አጠገብ ይሰማል ማለት ነው።

ከአገሩ ለራቀ ሰውም ዳዊት ቤት ሆኖት ነበረ። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን እንግዶች የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከኢየሩሳሌም መንገድ ወደዚያ የሚደርሱ መነኮሳት እንደ አገራቸው ልማድ ይዘምሩ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ከኮሎኝ ከተማ የመጣ ጀርመናዊ ካህን ዜማውን ሰማ፤ ቋንቋውን ባያውቅም የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ከዜማው መካከል ለየ። ከዚህም የተነሣ ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ዘንድ ግእዝ ተማረ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን ከጸሎተ ነቢያትና ከመኃልየ መኃልይ ጋራ በሮም አሳተመ። ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ቢሳሳትም፣ በግእዝ ፊደል በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። አምስት ዓመት ቈይቶ በ1518 በኮሎኝ በዕብራይስጥ፣ በጽርዕ፣ በሮማይስጥና በግእዝ ጐን ለጐን ዳዊትን ደግሞ አሳትሟል። የመጽሐፋችን ኅትመት ታሪክ ከንጉሥ ትእዛዝ ወይም ከነጋዴ ገንዘብ አልጀመረም፤ በባዕድ አገር የተቀመጡ መነኮሳት ዳዊታቸውን ስለ ደገሙና አንድ መንገደኛ ቆሞ ስለ ሰማ ጀመረ።

ነገር ግን መድገም የሚለው ቃል ሌላም ልጅ ወልዷል፤ ይኸውም ድግምት ነው። ይህን መዝሙር በዚህ ቀን ይህን ያህል ጊዜ ቢደግሙት ጠላት ይወድቃል፣ ሀብት ይመጣል እያሉ ቃሉን ሳያስተውሉ መቍጠር ከዚያው ግንድ የወጣ ጐባጣ ቅርንጫፍ ነው። አትናቴዎስም መዝሙሩን ለእያንዳንዱ መከራ አድሏል፤ ነገር ግን እርሱ ያደለው ሰው ልቡን እንዲያውቅ ነው፤ ድግምተኛው ግን ልቡን ሳይነካ ሌላውን ሰው ሊያስገድድበት ይሻል። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ይይዛሉ፤ ሁለቱም ይደግማሉ፤ የሚለያዩት በማስተዋል ነው።

ማስተዋልም ያለ ትርጓሜ አይገኝም። የመጻሕፍት መምህራን የመዝሙሩን ምሥጢር በአማርኛ አንድምታ ሲያወርዱ ኖረዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ በግብፅ አገር፣ በካይሮ፣ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስለን ደ ሸርቪል ጋራ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጻሕፍተ ብሉያትንና ሐዲሳትን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ሥራውም ከሞተ በኋላ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ሙሉው ታተመ። በአዲስ አበባ ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በኋላም እነ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ፊደልንና የጸሎት መጻሕፍትን በብዛት ካሳተሙ ወዲህ፣ አስቀድሞ የብዙ ፍየል ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ይፈልግ የነበረው ዳዊት በማንኛውም የከተማ ሰው እጅ ሊገባ ቻለ።

ይህ ታላቅ ትርፍ ነው፤ ጉድለትም ተከትሎታል። ዛሬ በከተሞቻችን ሁለት ዓይነት ሰው እናያለን። አንደኛው ግእዙን በቃሉ ይወርደዋል፤ ምን እንዳለ ግን ቢጠየቅ አይመልስም። ሁለተኛው አማርኛውን በሚገባ ይረዳዋል፤ በእጁ በያዘው ስልክም ያገኘዋል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተመልክቶ ያልፈዋል እንጂ አይመለስበትም። የፊተኛው ድምፁን ያለ ትርጓሜ፣ የኋለኛው ትርጓሜውን ያለ ድግግሞሽ ይዟል፤ የመጽናናቱንም እኩሌታ ብቻ ያገኛሉ። ኀዘን በመጣ ቀን አንደኛው ለአፉ ቃል አለው፤ ለልቡ የለውም። ሁለተኛው ቃሉን ያውቀዋል፤ ነገር ግን ያልለመደውን መንገድ በጨለማ መፈለግ ይሆንበታል።

አሮጌው የብራና ዳዊትም ከቤት እየወጣ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀ ጊዜ ከተወሰዱት መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን በሚገኘው የእንግሊዝ ቤተ መዘክር ገብተዋል፤ ይህ በጦር የሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ዳዊት ያለ ጦር፣ በወራሾቹ እጅ ተሸጦ ወጥቷል፤ ሥዕል ያለበት ቅጠል እየተገነጠለ ለብቻው የተሸጠም አለ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ በአገራችንና በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ገዳም ትብብር ወደ 9000 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሥተዋል፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ብዙዎቹን መርምረው ዝርዝራቸውን ጽፈዋል። ይህ ድካም የሚመሰገን ነው። ሆኖም ከሣጥን ወጥቶ የተሸጠ የአንድ ቤተ ሰብ ዳዊት ምስሉ እንኳ ቢቀር፣ በባዶው ብራና ላይ የተጻፈው ያያት ስም ለገዢው ትርጉም የለውም፤ ለሻጩም ልጆች ከእንግዲህ ወዲህ የሚያነቡት አይሆንም።

ስለዚህ ዳዊት በቤቱ ያለው ሰው መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥቶ አስቀድሞ ባዶውን ብራና ያንብብ፤ የማንን ስም እንደሚሸከም ለልጆቹ ይንገራቸው። ግእዙን የሚያውቅ አንድ ንጉሥ ሲደግም ትርጓሜውን ከአማርኛው ጋራ ያስተያይ፤ አማርኛውን ብቻ የሚያውቅም ያንኑ ድርሻ በየሳምንቱ ይመለስበት፤ ግእዙንም ከሚያውቅ ካህን አፍ ይስማ። የታተመ መጽሐፍ ብቻ ያለው ቢሆን እርሱም በመጀመሪያው ገጽ የራሱንና የልጆቹን ስም ይጻፍበት፤ ብራናውም አንድ ቀን አዲስ ነበረና። ይህን ለመጀመር በዓል መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ ሰኞ ቢሆን ከአንደኛው መዝሙር፣ ሐሙስም ቢሆን ከ81ኛው ይጀመራል፤ ያለፈው ዕለት ድርሻ በሚመጣው ሳምንት በቦታው ይገኛል።